ለደራሲ ወኪልና ለአሳታሚ ስለሚላክ ደብዳቤ፦ ከሰሜን ሸዋ ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በቅርብ ወራት ወደዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከደብረ ሲና፣ ከአንኮበርና ከሸዋ ሮቢት የተላኩት በአንድ ጉዳይ ላይ የሚገናኙ ሆነው አግኝተናቸዋል። ሁሉም የደከሙበትን ረቂቅ ለማያውቁት ሰው በምን ዓይነት ደብዳቤ እንደሚያቀርቡ ይጠይቃሉ። አንዳንዶቹ በእንግሊዝኛ ጽፈው ለንደን ወይም ኒው ዮርክ ለሚሠራ የደራሲ ወኪል፣ ማለትም ደራሲውን ወክሎ መጽሐፉን ለአሳታሚ ለሚሸጥ ሰው፣ ሊልኩ ያሰቡ ሲሆኑ፣ ሌሎቹ በአማርኛ የጻፉትን አዲስ አበባ ለሚገኝ አሳታሚ ሊያቀርቡ የተዘጋጁ ናቸው። የጠያቂዎቹን ስም ትተን ደብዳቤዎቹንም አሳጥረን መልሳችንን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። በእንግሊዝኛ የጻፍኩት ልብ ወለድ ተጠናቋል፤ ታሪኩ የሚፈጸመው የመሬት አዋጅ በታወጀበት ዘመን መንዝ ውስጥ ነው። ለወኪል የሚሆን ደብዳቤ እየጻፍኩ ብቀዳድም አልሆነልኝም። የመጨረሻው እንዲህ ይጀምራል፦ «ውድ ጊዜዎን ስለምሻማ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ገና ጀማሪና በትንሽ ከተማ የምኖር ጸሐፊ ብሆንም ከልጅነቴ ጀምሮ ለንባብ ከፍተኛ ፍቅር ነበረኝ። መጽሐፌ ስለ ፍቅር፣ ስለ ታሪክ፣ ስለ ክህደትና ስለ ተስፋ የሚናገር ሲሆን ማንኛውም አንባቢ እንደሚወደው አምናለሁ።» ምን ይጎድለዋል?

መልስ፦ የጎደለው መጽሐፉ ነው። በጠቀሱት አንቀጽ ውስጥ ስለ ትሕትናዎ፣ ስለ ልጅነትዎና ስለ እምነትዎ እናነባለን እንጂ በልብ ወለዱ ውስጥ ማን እንዳለ፣ ምን እንደሚፈልግና ምን እንደገጠመው የምናውቀው አንድም ነገር የለም። ወኪል ማለት አብዛኛውን የሥራ ሰዓቱን አስቀድሞ ለተቀበላቸው ደራስያን የሚያውል፣ ከማያውቃቸው ጸሐፊዎች የሚመጣውን ብዛት ያለው ደብዳቤ ደግሞ ከዚያ በተረፈው ጊዜ የሚያነብ ሰው ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ መስመሮች ውስጥ የሚፈልገው ይህ ታሪክ የማን እንደሆነ ማወቅና ቀጥሎ የሚሆነውን ለማወቅ መጓጓት ነው፤ ይህን ካላገኘ፣ ጸሐፊዋ ጥሩ ሰው መሆኗን ቢረዳም እንኳ፣ ወደሚቀጥለው ደብዳቤ ያልፋል።

በሀገራችን ደብዳቤ ስንጽፍ ጤና ጠይቀን፣ ራሳችንን ዝቅ ተቀባዩን ከፍ አድርገን ወደ ጉዳዩ መግባታችን መልካም ወግ ነው፤ ለዘመድና ለታላቅ በምንጽፈው ደብዳቤ ልንተወውም አይገባም። ለወኪል የሚጻፈው ግን የሥራ ደብዳቤ ስለሆነ አክብሮት በሌላ መንገድ ይገለጽበታል፤ የሰውየውን ስም ፊደሉን ሳያሳስቱ በመጻፍ፣ በድረ ገጹ ላይ ያወጣውን የአላላክ መመሪያ በጥንቃቄ በመከተልና ጊዜውን ባለማባከን። ይቅርታ መጠየቁ ከዚህ የሚጨምረው ነገር የለም፤ እንዲያውም አንባቢውን ገና ሳይጀምር ያጠራጥረዋል። «ማንኛውም አንባቢ ይወደዋል» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ፍርዱን ወኪሉ ራሱ ሊሰጥ ስለሚፈልግ፣ ጸሐፊው አስቀድሞ ሲፈርድለት ደስ አይለውም። ፍቅር፣ ታሪክ፣ ክህደትና ተስፋ የተባሉት ቃላት ደግሞ እውነት ቢሆኑም ስፍር ቁጥር ለሌላቸው መጻሕፍት የሚስማሙ ስለሆኑ የእርስዎን መጽሐፍ ለይተው ሊያሳዩ አይችሉም።

ከላኩልን የታሪኩ መግለጫ እንደተረዳሁት፣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ እልፍነሽ ጓሳ የተባለውን የመንዝ የሣር መሬት ከሚያስጠብቁ ሽማግሌዎች የአንዱ ልጅ ናት። ያ መሬት ቄሮ በተባለው የማኅበረሰቡ የመሬት አጠባበቅ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠበቅ እንደኖረ፣ ሣሩም ማኅበረሰቡ በፈቀደበት ጊዜ ብቻ ይታጨድ እንደነበረ፣ ከ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ግን ሥርዓቱ እንደፈረሰ ይታወቃል። ይህን ትልቅ ለውጥ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እንዲታይ ማድረግዎ የመጽሐፉ ሀብት ነውና ደብዳቤው እርሱን ይናገር። እንግሊዝኛውን እርስዎ እንደሚያሳምሩት አምኜ፣ ይዘቱ ምን ሊመስል እንደሚችል በአማርኛ ላሳይዎት፦

«የ17 ዓመቷ እልፍነሽ አባት፣ መንደሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና በድርቅ ጊዜ ለከብት መኖ የሚተማመንበትን የተራራ ሣር የሚያስጠብቅ ሽማግሌ ነው። በ1975 የኢትዮጵያ አዲሱ ወታደራዊ መንግሥት የገጠሩን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሲያደርግ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሆኖ የተመረጠው የእልፍነሽ ታላቅ ወንድም ሣሩ ተነቅሎ እንዲታረስ ያዛል። እልፍነሽ አባቷ ካሰለፋቸው ጠባቂዎች ጋር ወደ ተራራው ብትወጣ በወንድሟ ላይ መሣሪያ ከሚያነሱ ሰዎች ጋር መቆሟ ነው፤ ቤት ብትቀር ደግሞ አባቷ የማለበትን ቃል ብቻውን ሲጠብቅ እንዲሞት መተዋ ነው።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ሰው አለ፣ ፍላጎት አለ፣ መሰናክል አለ፣ በሁለቱም በኩል የሚከፈል ዋጋ አለ። ፍቅርና ክህደት የሚሉት ቃላት አልተጻፉም፤ ሁለቱም ግን በግልጽ ይታያሉ። ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መጻፉን ልብ ይበሉ፤ 1967 ብለው ቢተዉት የውጭ አንባቢ ንጉሠ ነገሥቱ ገና በሥልጣን ላይ የነበሩበትን ጊዜ ስለሚያስብ ታሪኩ ሁሉ ይዛባበታል። የዘውዱን አገዛዝ አወዳደቅ፣ የደርግን አመሠራረትና የመንዝን የቆየ ታሪክ በደብዳቤው ለማስረዳት የሚመጣብዎን ፈተናም ይቋቋሙ፤ ሰሜን ሸዋን ፈጽሞ የማያውቅ ሰው ይህችን ወጣት በአንድ አንቀጽ ሊያውቃት ይችላል፣ የቀረውንም መጽሐፉ ራሱ ያስረዳዋል። በስም የሚጠሯቸውም ገጸ ባሕርያት ከሁለት ወይም ከሦስት አይብለጡ፤ ስሞቻችን ለእርሱ አዲስ ስለሆኑ ሲበዙበት ማን የማን ወንድም እንደሆነ ይጠፋዋል።

የቀረው የደብዳቤው ክፍል አጭር ነው። ጠቅላላው በአንድ ገጽ ማለትም ከ250 እስከ 400 በሚደርሱ የእንግሊዝኛ ቃላት ቢያልቅ መልካም ነው። የመጽሐፉ ርእስ፣ ዘውጉና በቃላት የተቆጠረ ርዝመቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገለጻል፤ ለአዋቂዎች የሚጻፍ የመጀመሪያ ልብ ወለድ በአብዛኛው ከ80,000 እስከ 100,000 ቃላት ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ እጅግ የራቀ ርዝመት ገና ታሪኩ ሳይነበብ ጥያቄ ያስነሣል። ይህን ወኪል ለምን እንደመረጡት የሚናገር አንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገርም ይጨመራል፤ ለምሳሌ ከወከላቸው መጻሕፍት አንዱን አንብበው ከሆነ፣ ወይም በድረ ገጹ ላይ ስለ ገጠር ሕይወት የሚናገሩ ልብ ወለዶችን እንደሚፈልግ ጽፎ ከሆነ ያንን ይጥቀሱ። ከመጽሐፍዎ ጋር በአንድ መደርደሪያ ሊቀመጡ የሚችሉ ሁለት መጻሕፍት መጥቀስም የተለመደ ነው፤ እነዚህ ባለፉት ሦስት እስከ አምስት ዓመታት የታተሙ ይሁኑ፣ ሁሉም የሚያውቃቸውን ታላላቅ የድሮ ሥራዎችም አይጨምሩ፤ የንጽጽሩ ዓላማ ዛሬ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ማን እንደሚገዛ ማሳየት ነውና።

ስለ ራስዎ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ደብረ ብርሃን ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ መሆንዎንና፣ ቤተሰብዎ ከመንዝ ከሆነም ይህንኑ ይጻፉ፤ ለዚህ መጽሐፍ ከማንኛውም ሽልማት የበለጠ ያስረዳል። ከዚህ በፊት አለማሳተምዎን ግን ማንሣት አያስፈልግም፤ ወኪሎች አዲስ ጸሐፊዎችን መፈለጋቸው የሥራቸው ክፍል ነው። ተቀባዩ ወንድ ይሁን ሴት ካላወቁ «አቶ» ወይም «ወይዘሮ» የሚለውን የእንግሊዝኛ መጠሪያ ትተው ሙሉ ስሙን ይጻፉ። የራስዎን ስም በተመለከተ፣ በዚያ የአባትዎን ስም እንደ ቤተሰብ መጠሪያ ስለሚወስዱት፣ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ እንዲወጣ የሚፈልጉትን አጻጻፍ ከአሁኑ ወስነው በደብዳቤው፣ በረቂቁና በኢሜይልዎ ላይ አንድ ያድርጉት።

አላላኩ ከወኪል ወደ ወኪል ይለያያል። በአሜሪካ ብዙዎቹ ከደብዳቤው ሥር የረቂቁ የመጀመሪያዎቹ 5 ወይም 10 ገጾች በኢሜይሉ ውስጥ ተለጥፈው እንዲላኩ ይፈልጋሉ፤ ሳይጠየቁ የተላከ አባሪም አይከፍቱም። በብሪታንያ ደግሞ ደብዳቤ፣ የታሪኩ አጭር መግለጫና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች አብረው መላካቸው የተለመደ ነው። ብዙዎች ዛሬ በድረ ገጽ ላይ የሚሞላ ቅጽ ስለሚጠቀሙ ጽሑፉን ሁሉ አስቀድመው በኮምፒውተርዎ ላይ አዘጋጅተው ያስቀምጡ፤ ቅጹን እየሞሉ መብራት ቢጠፋ ድካምዎ ሁሉ ይጠፋልና።

ጥያቄ፦ መሐል ሜዳ የምኖር የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። የጻፍኩት በአማርኛ ነው። በአገራችን የደራሲ ወኪል የሚባል ሲሠራ አላየሁም፤ ታዲያ እንዲህ ያለው ደብዳቤ ለእኔ ምን ይጠቅማል? አዲስ አበባ ወርጄ ረቂቁን በእጄ ብሰጥና በቃል ባስረዳ አይሻልም?

መልስ፦ በአማርኛ መጽሐፍ ገበያ ደራሲውን ወክሎ ከአሳታሚ ጋር የሚደራደር ሰው የተለመደ አይደለም፤ ደራሲው ወይ በቀጥታ ከአሳታሚ ጋር ይነጋገራል፣ ወይ በራሱ ገንዘብ አሳትሞ ለአከፋፋይ ያስረክባል። ደብዳቤው የሚያስፈልግዎ ግን በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሚናገርልዎ ሌላ ሰው የለም። ረቂቁን ከእጅዎ የሚቀበለው ሰውና ተቀምጦ የሚያነበው ሰው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ስለሆኑ፣ ለመጀመሪያው በቃል ያስረዱት ለሁለተኛው ሳይደርስ ይቀራል። አንድ ገጽ ደብዳቤ ከረቂቁ ፊት ተያይዞ ሲሄድ ግን እርስዎ ወደ መሐል ሜዳ ከተመለሱ በኋላም ስለ መጽሐፉ ይናገራል።

ለመምህርቷ ያልኩት ሁሉ ለእርስዎም ይሠራል፤ ልዩነቱ ጥቂት ነው። በእኛ ወግ «ጉዳዩ፦» ከሚለው ቀጥሎ የመጽሐፉን ርእስና ዓይነት ያስፍሩ፤ ርዝመቱንም አሳታሚዎቻችን በገጽ ማሰብ ስለሚቀናቸው በኮምፒውተር ተጽፎ ስንት ገጽ እንደሆነ፣ በምን ያህል የፊደል መጠን እንደተጻፈ ይግለጹ። ከዚያ ታሪኩን በአንድ አንቀጽ፣ ራስዎን በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ መጨረሻ ላይ ስልክዎን። ጓደኞችዎ ወይም የቀድሞ መምህርዎ የሰጡትን ምስጋና፣ መጽሐፉ ለፊልም እንደሚሆን የሚናገረውን ተስፋና ስለ ሥነ ጽሑፍ ጥቅም የሚያትተውን መግቢያ ይተዉ። አሳታሚው የሥነ ጽሑፍን ጥቅም ያውቃል፤ የማያውቀው የእርስዎን መጽሐፍ ነው።

ብቸኛውን ቅጂ ለማንም አይስጡ። በእጅ የተጻፈ ከሆነ አስቀድመው ያስተይቡት፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ስምዎና የገጹ ቁጥር ይኑር። ከመሄድዎ በፊትም ስልክ ደውለው አዲስ ሥራ ይቀበሉ እንደሆነ፣ በወረቀት ወይም በኢሜይል እንደሚፈልጉትም ይጠይቁ፤ ከመንዝ ደጋ አዲስ አበባ ድረስ የሚደረገው መንገድ ለ«አሁን አንቀበልም» መልስ ብቻ የሚከፈልበት አይደለም።

አንድ ነገር አጥብቄ እንድነግርዎ ይፍቀዱልኝ። ማተሚያ ቤት ለሕትመት የተከፈለውን ተቀብሎ የሚያትም ነው፤ አሳታሚ ደግሞ ወጪውን ራሱ ሸፍኖ፣ አርታኢ መድቦ፣ መጽሐፉን በገበያ ላይ የሚያውል ነው። በመካከል ግን አሳታሚ ተብሎ ሙሉውን ወጪ ከደራሲው የሚቀበል አለ። ይህ በራሱ ማታለል አይደለም፤ ነገር ግን ከመፈረምዎ በፊት ስንት ቅጂ እንደሚታተም፣ የአርትዖትና የሽፋን ወጪ የማን እንደሆነ፣ ከሽያጩ ለእርስዎ የሚደርሰው መቶኛ፣ መብቱ ለስንት ዓመት እንደሚሰጥ፣ የትረካ፣ የፊልምና የትርጉም መብት በውሉ ውስጥ መግባት አለመግባቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። በቃል የተነገረ መልስ ላይ ተመሥርተው አይፈርሙ።

ጥያቄ፦ የ21 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምጽፈው ከሸዋ ሮቢት ነው። ልብ ወለዴን ለውጭ ወኪሎች ከላክሁ በኋላ አንድ ሰው በኢሜይል መጽሐፌ ግሩም መሆኑን ገልጾ፣ ለማንበቢያና ለአርትዖት በዶላር ብከፍል ለትልልቅ አሳታሚዎች እንደሚያቀርብልኝ ነገረኝ። አጎቴ ገንዘቡን ሊያበድረኝ ፈቃደኛ ነው። ልክፈል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትክፈል፤ ይህንንም መልስ ለአጎትህ አሳየው። ትክክለኛ ወኪል ገቢ የሚያገኘው መጽሐፉን ሲሸጥ ነው፤ በሀገሩ ገበያ ከሚሸጠው በአብዛኛው 15 በመቶ፣ ለውጭ ሀገርና ለትርጉም ከሚሸጠው ደግሞ 20 በመቶ ከደራሲው ክፍያ ላይ ይቀንሳል። መጽሐፉ ካልተሸጠ እርሱም ምንም አያገኝም፤ ለመሸጥ የሚደክመውም ስለዚህ ነው። አስቀድሞ ለማንበቢያ የሚያስከፍል ሰው ግን መጽሐፍህ ቢሸጥም ባይሸጥም ገንዘቡን አግኝቷልና የሚደክምበት ምክንያት የለውም። የአሜሪካ የሥነ ጽሑፍ ወኪሎች ማኅበር አባላቱ የማንበቢያ ክፍያ እንዳይጠይቁ በሥነ ምግባር ደንቡ ይከለክላል።

የታወቀ ወኪልን ስም ሰርቀው የሚጽፉም አሉ። ስለዚህ ኢሜይሉ የመጣበት አድራሻ ከድርጅቱ ድረ ገጽ አድራሻ ጋር አንድ መሆኑን ተመልከት፤ ጥርጣሬ ካለህ በድረ ገጹ ላይ በሚገኘው አድራሻ ጽፈህ ጠይቅ። የላከልህን ምስጋናም እንደገና አንብበው፤ ከልብ ወለድህ ውስጥ አንድ ትዕይንት፣ አንድ ገጸ ባሕርይ በስም ካልጠቀሰ አላነበበውም። ለአርታኢ ከፍሎ ረቂቅን ማሳረም ነውር የለበትም፤ ይህ ግን አንተ መርጠህ የምታደርገው እንጂ ሰውየው ወኪልህ ለመሆን እንደ ቅድመ ሁኔታ የሚቀርብልህ ሊሆን አይገባም።

ጥያቄ፦ ዓለም ከተማ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። የመርሐቤቴን ታሪክና የአባቶቻችንን ወግ ከሽማግሌዎች ስሰበስብ ኖሬ መጽሐፍ ጽፌአለሁ። ሥራዬ እንዳይሰረቅ ስለምሰጋ፣ በደብዳቤው ውስጥ ዋናውን ነገር ደብቄ «ሲያነቡት ይደነቃሉ» ብዬ ብቻ ለመጻፍ አስቤአለሁ። ትክክል ነኝ?

መልስ፦ አባቴ፣ የዕድሜ ልክ ድካም ለማያውቁት ሰው ሲሰጥ ስጋት ቢኖርዎ አይፈረድብዎትም። ይሁንና የተደበቀው ነገር መጽሐፉን ለመክፈት የሚያበቃው ምክንያት ራሱ ነው፤ እርሱን ካልነገሩት አሳታሚው የሚደነቅበትን ገጽ ሳይደርስበት ይቀራል። ሕጉም ከጎንዎ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለጽሑፍ ሥራ ጥበቃ የሚሰጠው ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ሲሆን፣ ይህም በደራሲው ሕይወት ዘመንና ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። የሚጠበቀው ግን የጻፉት ጽሑፍ እንጂ የታሪኩ ፍሬ ነገር አለመሆኑን ይወቁ፤ አንድን ድርጊት ሌላም ሰው መርምሮ በራሱ ቃል ሊጽፈው ይችላል። ስለዚህ ቀን ያለበት ቅጂ በእጅዎ ያኑሩ፣ ለማን መቼ እንደሰጡም ይመዝግቡ፤ ከዚያ ባለፈ አይጨነቁ።

የእርስዎ ሥራ ልብ ወለድ ስላልሆነ ደብዳቤውም ይለያል። ከደብዳቤው ጋር መጽሐፉ የሚያነሣውን ጥያቄ፣ የምዕራፎቹን ዝርዝር ከጥቂት መስመር ማብራሪያ ጋር፣ ማን እንደሚያነበው፣ ስለ አካባቢው ከዚህ በፊት ከተጻፉት በምን እንደሚለይ የሚገልጽ የመጽሐፍ ዕቅድ፣ እንዲሁም አንድ ወይም ሁለት ምዕራፍ ናሙና ያቅርቡ። በልብ ወለድ ሁለት ዓረፍተ ነገር የሚበቃው ስለ ራስ የሚጻፈው ክፍል እዚህ ሰፋ ሊል ይገባል፤ መረጃውን ከእነማን እንደሰሙ፣ ሽማግሌዎቹ ለመታተሙ ፈቃዳቸውን ሰጥተው እንደሆነ፣ ድምፅ ቀድተው ወይም ጽፈው ይዘው እንደሆነ አሳታሚው ማወቅ ይኖርበታል። መርሐቤቴን በካርታ ላይ የማያገኝ አንባቢ ቢያጋጥምዎ ደግሞ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የተወለዱበት አገር መሆኑን በአንድ ሐረግ ያስታውሱት፤ «ጎሐ ጽባሕ» የተባለውን ማተሚያ ቤት የነበራቸው እኒህ ሰው ከመጽሐፍ ሥራ ጋር ለተገናኘ ሁሉ እንግዳ አይደሉምና ቦታውን ወዲያው ያቀርቡለታል።

ጥያቄ፦ ደብረ ሲና ነኝ። በአማርኛ የጻፍኩት ልብ ወለድ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ በውጭ እንዲታተም እመኛለሁ። ለወኪሉ አማርኛውን ልላክለት? ወይስ በኮምፒውተር አስተርጉሜ ልላክ?

መልስ፦ አማርኛ የሚያነብ ወኪል ማግኘት እጅግ የሚያጠራጥር ስለሆነ የእንግሊዝኛ ናሙና ያስፈልግዎታል፤ በኮምፒውተር ብቻ የተተረጎመ ናሙና ግን አይላኩ። የእኛን ንግግር፣ ቅኔውን፣ አንቱታውንና አንተታውን እንዲህ ያለው ትርጉም አያወጣውም፤ በተጨማሪም ብዙ ወኪሎች ዛሬ በማሽን የተዘጋጀ ጽሑፍ እንደማይቀበሉ በግልጽ ጽፈዋል። ሁለቱንም ቋንቋ በሚገባ የሚያውቅ፣ በተለይም እንግሊዝኛን በጽሑፍ የሚያሳምር ሰው ፈልገው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወይም ሦስት ምዕራፎች ያስተርጉሙ፤ የተርጓሚውንም ስም በደብዳቤው ላይ ያስፍሩ። መጽሐፉ በአማርኛ ታትሞ ከሆነ የታተመበትን ዓመትና የትርጉም መብቱ በእርስዎ እጅ ያለ መሆኑን ይግለጹ፤ መብቱ ለአሳታሚው የተሰጠ ከሆነ ከእርሱ ጋር ሳይነጋገሩ መጻፍ አይገባም።

ርዝመቱን ሲገልጹም ይጠንቀቁ። በአማርኛ አንድ ግሥ ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና አሉታውን አንድ ላይ ስለሚይዝ የአማርኛ ረቂቅ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ የቃላቱ ቁጥር በብዙ ይጨምራል። ስለዚህ የተተረጎሙትን ምዕራፎች በሁለቱም ቋንቋ ቆጥረው፣ በዚያ ልክ የጠቅላላውን ግምት በእንግሊዝኛ ይስጡ። ወኪል ሳይዙም በቀጥታ የትርጉም መጻሕፍት ለሚያትሙ ትንንሽ አሳታሚዎች መጻፍ ይቻላል፤ ለብሪታንያ አሳታሚዎች እንግሊሽ ፔን የተባለው ማኅበር የትርጉም ወጪ ድጋፍ የሚሰጥበት ፕሮግራም አለው፤ አመልካቹ ግን አሳታሚው ነው።

ጥያቄ፦ ከአንኮበር ነው የምጽፈው። ደብዳቤዬንና ናሙናውን ለአንድ ወኪል ከላክሁ አራት ወር አለፈ፤ መልስ የለም። ለሌላ ብልክ እንደ ክህደት ይቆጠርብኝ ይሆን? እርሱንስ ምን ልበለው?

መልስ፦ አይቆጠርብዎትም። ወኪሉ ለብቻው እንዲያነብ አጥብቆ ካልጠየቀ በቀር ለብዙዎች በአንድ ጊዜ መላክ የታወቀ አሠራር ነው፤ ለአንዱ ልኮ መልሱን እየጠበቁ መቀመጥ ግን ዓመታትን ይወስዳል። ለአምስት ወይም ለስድስት ያህል ወኪሎች ለእያንዳንዳቸው የተስተካከለ ደብዳቤ ይላኩ፤ ማንም ተጨማሪ ገጽ ካልጠየቀዎት ችግሩ በደብዳቤው ወይም በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ሊሆን ስለሚችል እነርሱን አርመው ወደሚቀጥሉት ይሂዱ። ሁሉንም በአንድ ቀን ለሃምሳ ሰው ቢልኩ ግን ስሕተቱን በተረዱበት ጊዜ የሚልኩለት ሰው አይቀርዎትም። በአንድ ድርጅት ውስጥ ለሚሠሩ ሁለት ወኪሎች በአንድ ጊዜ መጻፍም ብዙ ጊዜ አይፈቀድም፤ መመሪያቸውን ያንብቡ።

ስለ ዝምታው፣ ብዙ ወኪሎች ከ6 እስከ 12 ሳምንት መልስ ካልሰጡ አልተቀበልነውም ማለት መሆኑን በድረ ገጻቸው ላይ ይጽፋሉ። እንዲህ ካለ ሥራው እንዳለፈ ይቁጠሩት። የጊዜ ገደብ ካልጻፈ፣ የላኩበትን ቀንና ርእሱን ብቻ የሚጠቅስ ሁለት መስመር ማስታወሻ አንድ ጊዜ መላክ ይችላሉ። እምቢታ በጽሑፍ ቢደርስዎ ምክንያቱን አይጠይቁ፣ አይከራከሩም፤ ነገር ግን ለመጽሐፉ የተለየ አስተያየት ጽፎልዎ ከሆነ ይህ ለጥቂቶች ብቻ የሚደረግ ስለሆነ አመስግነው ያስቀምጡት፣ የሚቀጥለውንም ሥራዎን ሲጨርሱ ለዚያው ሰው ይጻፉ።

ከወኪሎቹ አንዱ ሙሉውን ረቂቅ ቢጠይቅዎ የተጠየቀውን በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ይላኩ፤ ረቂቁ ተጠናቆና ተስተካክሎ ሳያልቅ ደብዳቤ መላክ የማይገባውም ለዚህ ነው። ፋይሉን በስምዎና በመጽሐፉ ርእስ ይሰይሙት፣ በኢሜይሉም ውስጥ የጠየቀበትን ቀን ያስታውሱት። ከአንዱ ወኪል «ልወክልህ» የሚል ጥያቄ ከመጣ ደግሞ ወዲያው እሺ አይበሉ፤ ረቂቁን እያነበቡ ላሉት ሌሎች ወኪሎች ጥያቄ እንደቀረበልዎ አሳውቀው ለመልሳቸው ሁለት ሳምንት ያህል ይስጧቸው። ይህን ማድረግ በዚያ ሙያ የሚጠበቅ ነው፤ መጀመሪያ የጠየቀዎትም ወኪል ቀኑን እስከነገሩት ድረስ ይጠብቅዎታል።